እንዳይሰማ የተሠራውን ለመስማት

አላህ የፈጠረውም ሆነ ሰው የሠራው ነገር፣ እኔ እንደማየው፣ ሁለት ዓይነት ነው፤ መምጣቱን የሚናገርና የማይናገር። አህያ ይናገራል። የጅቡቲው ተሳቢ ገና ከድልድዩ ማዶ ሳለ ይናገራል። እባብ አይናገርም። ወባም አይናገርም፤ ደህና ተኝተህ ጠዋት ጥርስህ ሲንቀጫቀጭ ነው መግባቱን የምታውቀው። እስቲ እናንተም አስቡት፤ ከማይናገረው ወገን ምን ደግ ነገር ታገኛላችሁ? እኔ ያገኘሁት እንቅልፍን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሰፈሩ "በወፍጮህ ነሣኸን" ይለኛል።

አዎ፣ ወፍጮዬ ይናገራል። እዚህ አዋሽ፣ መንገድ ዳር፣ ጠዋት ቢስሚላህ ብዬ ማብሪያውን ስጫነው ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮውን ይዘጋል። የማጠፋው ለአዛን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጥላ ይጥላል። በአዋሽ ፀሐይ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ሸንጎ ነው፤ የእኔ ጥላ የደረሰው ለጠመንጃ ወዳጆች ነው። ጠመንጃ ያላቸው እንዳይመስላችሁ። መምህር ጌታቸው በእጁ ይዞ የሚያውቀው መሣሪያ ጠመኔ ነው። ሰይድ ሹፌር ነው፤ ያለው የጎማ መፍቻ ነው። አብዱ ወፍጮ ቤቱን ያከራዩኝ የሐጂ ኑሩ ልጅ ነው። ሐጂ ሰመራ ሆቴል ከፍተው ከሄዱ ወዲህ ቤቱን የሚጠብቀው፣ ማለትም ጥላው ውስጥ የሚቀመጠው፣ እሱ ነው። ጠመንጃ ያለው ዓሊ ሁመድ የሚባል አፋር፣ ግመል አርቢ ብቻ ነው። እህሉ እስኪፈጭለት ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይጠብቃል። ስለ ጠመንጃ ሲያወራ ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ቀን ሰይድ ከሰመራ ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ "ወጣ! ለገበያ ወጣ!" ብሎ ጮኸ። ነዳጅ መስሎኝ ጀሪካን ላነሳ ነበር። ለካስ ጠመንጃ ነው። ከክንድ እምብዛም የማይረዝም፣ አፈሙዙ ላይ ድምፁን የሚያፍን ቱቦ አብሮ የተገጠመለት፣ ባሕር ማዶ በሱቅ መሸጥ የጀመረ። ከሦስቱ አንዱም ያንን ሱቅ በዓይኑ አያየውም፤ ክርክሩ ግን የገዛ ሰው ክርክር ነበር። ሰይድ ከወንበሩ ሥር የሚያስቀምጥበትን ቦታ መረጠ። መምህሩ ጥይቱ እንደሚወደድ ተጨነቀ። ከዚያ ሰይድ በስልኩ ቪዲዮ ከፈተ፤ አብዱም አንገቱን በበሩ አስገባ።

"ጋሽ ይማም፣ አንዴ አጥፋልንማ! ድምፁን እንስማው!"

"የምኑን?"

"የጠመንጃውን!"

"ድምፅ የለውም አላላችሁም?"

"እኮ! አለመኖሩን እንስማ!"

ከፊቴ ወይዘሮ ዘይነባ ቆማለች። የልጇ ኒካህ ነገ ነው። ማሽላው አሁን ካልተፈጨ ሊጡ አይደርስላትም፤ መብራቱ ደግሞ ሰሞኑን ሲመጣ ሲሄድ ነው የከረመው።

"አላጠፋም" አልኩት።

"ለአዛን ታጠፋ የለ?"

"አዛን ይጠራኛል። የእናንተው ማንም እንዳይሰማው ተብሎ የተሠራ ነው። እኔን ምን አገባኝ?"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ቤቱ የማን እንደሆነ አትርሳ። ለአባዬ አንድ ስልክ ነው የሚበቃኝ። ነገ ወፍጮህን ተሸክመህ ትወጣለህ።"

ቀልድ አልነበረም። ሐጂና እኔ የተዋዋልነው በቃል ነው፤ የልጆቼ ጉሮሮ ያለው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። አፌ ግን ቀደመኝ።

"ደውል! አባትህ ያከራዩኝ ግድግዳውን ነው። ሪዝቄ፣ እንጀራዬ፣ ያለው ከአላህ ዘንድ ነው።"

ይህን ብዬ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ዘይነባ "ያ ረቢ!" ብላ ራሷን ያዘች፤ ሦስቱ አጨበጨቡ። ስልኩ ላይ ተደፉ። አንድ ፈረንጅ ብዙ አወራ፤ ከዚያ አንድ ነገር "ጢቅ" አለ።

"ተኮሰ?"

"አልተኮሰም፤ እየነካካው ነው።"

"ኧረ ኢላማው ወደቀ! ድምፁን ጨምረው እስቲ!"

ድምፅ የሌለውን ድምፅ ጨምር! እህሉን ሊያስፈጭ መጥቶ ወረፋ የሚጠብቀው ዓሊ ሁመድ ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አየው።

"ጥሩ ነው" አለ። "ግን ሰው ቢከበኝ፣ ወደ ሰማይ ብተኩስ፣ ወንድሜ በምን ይሰማኛል?"

"ጋሽ ዓሊ፣ ጥቅሙ እኮ ማንም አለመስማቱ ነው!" አለ ሰይድ።

"እኛ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቁጭ ብለን ዳጉ እንለዋወጣለን። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ያየነውን ሁሉ እንነጋገራለን። ጥይትም ሲጮህ ዳጉ ነው። ማን ተኮሰ፣ ለምን ተኮሰ ተብሎ ይጠየቃል። ይሄ መጠየቅ የማይፈልግ ሰው ጠመንጃ ነው።" ስልኩን መለሰለት።

አብዱ "ዘመኑ ሠልጥኗል" ብሎ የራሱን ስልክ አወጣ፤ ሰመራ ደወለ። "አባዬ..." ሲል መብራት መጣ።

ዘይነባ አየችኝ። እኔ ማብሪያውን አየሁ። ትንሽ ብታገሥ ማን ይጠይቀኝ ነበር? ልጁ ነገሩን ሳያካብድ ይጨርስ ነበር፤ እኔም ልለምነው እችል ነበር። ቢስሚላህ አልኩና ተጫንኩት።

"ይማም ነው! ይማም! እምቢ አለኝ እኮ!" ይላል አብዱ፣ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ። ፀሐዩን ፈርቶ ከጥላው አይወጣ፤ ጥላው ደግሞ የወፍጮዬ ነው። ጮኸ፣ ጮኸና ስልኩን ዝቅ አደረገ። የዘይነባን ማሽላ ጨርሼ ወጣሁ።

"ሐጂ ምን አሉ?" አለው ሰይድ።

"አልሰማኝም።"

"ምንም አላሉ?"

አብዱ መሬት መሬቱን አየ። "'ወፍጮው ሲሠራ እየሰማሁት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይማምን ሰላም በልልኝ' ብሎ ዘጋው።"

ዓሊ ሁመድ እስኪያስለው ሳቀ። "ዳጉ ሰመራ ደረሰ!"

ዘይነባ ዱቄቷን ጭና ሄደች። አብዱ ሌላ ቀን፣ ጸጥ ያለ ቦታ ሆኖ ለአባቱ ይደውል ይሆናል። ይደውል። ሰፈሩም ጆሯችንን ጨረስከው ይለኛል። ይበል። ዝም ያለ ጥላ ለሚፈልግ አዋሽ ውስጥ ግድግዳ ሞልቷል፤ የእኔው ይጮኻል።