ሲስተሙም ተሰልፎ ነበር

«ሲስተም የለም» የሚባል ነገር የለም። ውሸት ነው! ሲስተም አለ። እናንተ ፋይላችሁን ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ከመስኮቱ ወዲህ ስትሰለፉ፣ እሱም ከመስኮቱ ወዲያ፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ተራ ይዞ ቆሟል። ልዩነቱ እናንተ ትናደዳላችሁ፤ እሱ ግን ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር እያሽከረከረ ዝም ይላል። «አንተ ይሄን በምን አወቅህ?» ካላችሁኝ... ያሰለፍኩት እኔ ነኛ!

ቆይ፣ ቆይ... ያነሳችሁትን አስቀምጡና ስሙኝ።

አሰላ ከተማ፣ ስሙን እስካልጠራሁ ድረስ ደመወዜ በማይቋረጥበት አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ጧት ጧት ማንም ሳያዘኝ ግጥም እጽፋለሁ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ስላልፈለገው ዳታ ሴንተር አስተዳድራለሁ። ሁለቱንም ያስተማረኝ የለም። ሁለቱም ላይ ያስታውቃል።

ዳታ ሴንተር ስላችሁ... ድሮ የወረቀትና የካርቦን ዕቃ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። መሐሏ ላይ ቁም ሳጥን የሚያክል ጥቁር ማሽን ቆሟል። አየር ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆየ፤ ግን አሰላ ላይ ይሄ ማንን ያስጨንቃል? መስኮቱን ትከፍታላችሁ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ያለ ጥገና ይሠራል። ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ እኔ ጋቢ እደርባለሁ።

ማሽኑ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን አሥራ አራት ምናባዊ ሰርቨሮች ይኖራሉ። አንድ ጊቢ የተከራዩ አሥራ አራት ጎረቤቶች በሏቸው። እያንዳንዱ ጊቢው በሙሉ የራሱ ይመስለዋል። የሚሠሩት ግን በጋራ ነው፤ ማሽኑ አሥራ ስድስት ፕሮሰሰር አለው፣ ፕሮሰሰርን ደግሞ እንደ ወንበር ቁጠሩት። ተራው ደርሶት የተቀመጠ ይሠራል፤ ያልደረሰው ቆሞ ይጠብቃል። የኔ ሥራ ማን እንደተቀመጠና ማን እንደቆመ ማየት ነው። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ኃላፊዎቻችንን ስላላወቃችኋቸው ነው!

የመጀመሪያው ምናባዊ ሰርቨር የተሰጠው ለዕቅድ ክፍል ነበር። ኃላፊው አቶ ደረጀ ወዲያው ሊጎበኙት መጡ።

«የኔ የቱ ነው?»

«ውስጥ ነው ጋሼ። ምናባዊ ነው፣ አይታይም።»

«የማይታይ ነገር ነው የፈረምኩበት?»

ምን ላድርግ? «ዕቅድ ክፍል» ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፍኩ። አቶ ደረጀ መዳፋቸውን አሳረፉበት። ፊታቸው በራ።

«ይሞቃል!» አሉ። «እየሠራ ነው።»

በሳምንቱ የሌሎቹም ክፍሎች ስም ተለጠፈ፤ ያልተለጠፈለት ማን ይቀበላል? ዛሬ ማሽኑ ከፎቶና ከጥቅስ ብዛት ቀለሙ እንደጠፋ የአሰላ ባጃጅ ሆኗል። ከስም ወረቀቱ በኋላ ደግሞ የመጠን ነገር መጣ። «ለዕቅድ ክፍል ስምንት ፕሮሰሰር መሰጠቱን ደርሰንበታል፤ ለእኛ አሥር እንዲሆን» የሚል የሌላ ክፍል ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ማኅተሙ ከጽሑፉ የጎላ። ለነሱ አሥር ስሰጥ ሌላው አሥራ ሁለት አለ። ወንበሩ አሥራ ስድስት ብቻ ሆኖ ሳለ እኔ ያደልኩት ስድሳ አራት ደረሰ! በሙያችን ይሄ ነውር አይደለም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ለመቀመጥ አይመጣም ተብሎ ይታሰባል። እኔም አሰብኩ።

እና ያ ሐሙስ መጣ።

እትዬ ዘውድነሽ መስኮት ሦስት ላይ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ከወሎ ተመድበው ከመጡ ሃያ ዓመት አለፋቸው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል ይቆጣሉ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ! ሲስተምህ ቆመ!»

(ልብ በሉ፤ ሲሠራ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ሲቆም የኔ ነው።)

አየሁት። የመስኮት ሦስት ሰርቨር አራት ፕሮሰሰር ነበረው። አዘንኩለት! ሌላው ክፍል አሥርና አሥራ ሁለት ይዞ ሕዝብ የሚያገለግለው በአራት? ስምንት አደረግኩለት። ግማሽ ሰዓት አልቆየም፣ ስልኩ ደገመ።

«ምን አደረግህ?»

«አፋጠንኩት።»

«እንግዲያው መልሰህ አዘግይልኝ! ቅድም ይሻል ነበር።»

እኔ በቀላሉ እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ስምንቱን አሥራ ሁለት አደረግኩት። ያቺ ክብ ነገር መሽከርከሯንም ተወች።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ስምንት ሰዓት ላይ የክፍሌ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። እትዬ ዘውድነሽ ናቸው፤ ኋላቸው ደግሞ ረዘም ያሉ፣ ኮታቸው ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ።

«ኦቦ ቱፋ ይባላሉ። ከዲክሲስ ነው የመጡት» አሉኝ እትዬ። «ልጃቸው ኮሌጅ ለመመዝገብ የልደት ምስክር ወረቀት ተጠይቃ፣ እዚያው ሬጅስትራሩ ደጃፍ ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ካለፈ የዓመት ሰው ናት። እኔ ከጧት ጀምሮ ‹ሲስተም የለም› እያልኩ አፌ ደረቀ። አሁን አንተ ንገራቸው!»

አሉና ሄዱ። ኦቦ ቱፋ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ያ ጉርባ» አሉኝ፤ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። «ይሄ ነው ሲስተም?»

«አዎ አባቴ።»

«አለ አይደለም እንዴ! ለምን የለም ትላላችሁ?»

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ስልካቸው ጠራ፤ ልጃቸው ሃዊ ናት። «ኤዬ፣ አዎ፣ ሲስተሙ ጋ ነኝ» አሏት በኩራት። «አየዋለሁ። አለ።» ዘጉና ወደኔ ዞሩ። «በል አስረዳኝ። ልጄ ስትደውል የምነግራት ነገር ስጠኝ።»

አስረዳኋቸው። አሥራ ስድስት ወንበር እንዳለ፣ አሥራ አራት ተከራይ ተራ በተራ እንደሚቀመጥ፣ የሳቸው ጉዳይ ያለበት ሰርቨር እንዲፈጥን ብዬ ከአራት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት እንዳሳደግኩት።

«እና አሥራ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ነው የሚቀመጡት?»

«አዎ። አሥራ ሁለት ወንበር አብሮ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል።»

ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ዛሬ ጧት ዲክሲስ መናኸሪያ አንድ ቤተሰብ ነበረ» አሉ። «ሠርግ የሚሄዱ ናቸው። ስምንት ሆነው፣ ‹አንለያይም፣ ስምንት ቦታ ያለው መኪና ካልመጣ አንሳፈርም› አሉ። መኪና ሲመጣ ሦስት ቦታ አለው፤ ይሄዳል። ሌላው ሲመጣ ሁለት አለው፤ ይሄዳል። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አንድ ቦታ ተገኘ፣ ገባሁ፣ አሰላ ወረድኩ። እነሱ አሁንም እዚያው ቆመው ይሆናል።» ዱላቸውን ወደ ማሽኑ ዘረጉ። «አንተ እኮ ሲስተሙን ሠርገኛ አደረግከው።»

አንባቢዬ፣ ፊቴን ብታዩት! ይህን ነገር በሦስት መቶ ገጽ የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ አንብቤዋለሁ። አስምሬበታለሁም። ግን አሥራ ሁለት መስጠት ደስ ይላላ! የሚሰጥ እንጂ የሚቀንስ አዋቂ እንደማይመስል ማን ይክዳል?

አሥራ ሁለቱን ሰርዤ «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። እትዬ ዘውድነሽ ደወሉ።

«ተንቀሳቀሰ! ቅጹ ተከፈተ... ግን ያነክሳል። አንድ ስም ጽፌ ሌላው እስኪገባ ጥርሴ ያልቃል።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኦቦ ቱፋ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ወንበር ላይ የተቀመጠውስ? ማነው የማይነሣው?»

እውነት ነው! ማን ነው? በልቤ ፍርዴን ጨርሻለሁ፤ ከአቶ ደረጀ ሌላ ማን ይሆናል? «አሁን ማሽኑ ያጋልጠዋል» አልኳቸውና ተከራዮቹ ሁሉ በሚበሉት መጠን እንዲደረደሩ አዘዝኩ። ዝርዝሩ ወጣ። አቶ ደረጀ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ አንዲት ፕሮሰሰር እንኳ አላሞቁም። አናቱ ላይ፣ ስድስት ወንበር ተዘርግቶ ይዞ፣ ከሦስት ወር ወዲህ ለአፍታ ሳይነሣ የተቀመጠው... «ሙከራ-2» ይላል።

«ማነው እሱ?» አሉ ኦቦ ቱፋ። «የማን ዘመድ ነው?»

«የኔ» አልኩ።

ምን ልበላችሁ... ስለ አሰላ አንድ ረጅም ግጥም ጀምሬ ነበር። ሰባተኛው ስንኝ ላይ ቤት የሚመታ ቃል ጠፋኝ። ጠፋኝና፣ ማንም አያውቅም ብዬ አንድ ምናባዊ ሰርቨር ፈጠርኩ፤ ያገኘሁትን የአማርኛ ጽሑፍ ሁሉ አጎረስኩት፤ ቃል ከቃል እያጋጠመ እንዲፈልግልኝ አዘዝኩት። ፍለጋው አምስት ቀን ይፈጃል ብዬ ነበር። አምስቱ ቀን ሦስት ወር ሆነ። የኃላፊዎቹን ስግብግብነት ለወዳጅ ለጎረቤት ሳወራ የከረምኩት እኔ፣ የሃዊን ወንበር ይዤ ስንኝ እያሳደድኩ ነበር!

«ባቆመው የሠራው ሁሉ ይጠፋል» አልኩ፤ ድምፄ ልጅ ሆነ። «እንዲያስቀምጥ አላደረግኩትም። የሦስት ወር ድካም ነው።»

«ቃሉን አገኘ?»

«አላገኘም።»

«እና ምኑ ነው የሚጠፋብህ?»

ስልካቸው ጠራ። ሃዊ ናት። አነሡትና ምንም ሳይናገሩ ወደኔ አቀበሉኝ። ከወዲያ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ «አባ፣ ሰልፉ እያለቀ ነው። ተራዬን እየሰጠሁ፣ ከኋላዬ አራት ሰው ብቻ ቀረ። ምን ልበላቸው?»

«አሁን ይመጣል በያቸው» አልኩና «ሙከራ-2»ን ሰረዝኩ።

ወዲያው ከመስኮት ሦስት በኩል፣ ያለ ስልክ፣ ግድግዳ አልፎ የመጣ ጩኸት፤ «እልልልል! በረረ! ኦቦ ቱፋ፣ ይምጡ!»

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ማተሚያው ወረቀቱን ተፋ። ማኅተም ተመታ። ኦቦ ቱፋ ጋቢያቸውን ሰብስበው ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ በመስኮት አየኋቸው፤ ብቻቸውን፣ አንድ ቦታ ላይ። አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደወሉልኝ።

«ተመዘገበች! የመጨረሻዋ እሷ ናት፤ በሩን ከኋላዋ ዘጉት። ገለቶሚ፣ ተባረክ! በል አንተም ግጥምህን በእግርህ ፈልግ።»

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ሰው መስዬ እወጣ ነበር። ግን እትዬ ዘውድነሽ ወሬ አያሳድሩም። «ሁለት ብቻ ተሰጥቶት በረረ!» የሚለው ነገር አርብ ጧት ሕንጻውን አዳረሰ። ከምሳ በፊት ደብዳቤ መጣ፤ «ለመስኮት ሦስት ሁለት መሰጠቱን ደርሰንበታል፤ ለእኛም ሁለት እንዲሆን።» ከሰዓት በኋላ ሌላው ክፍል «አንድ» አለ፤ ማኅተሙ እንደ ልማዱ የጎላ። ሰኞ አቶ ደረጀ ራሳቸው መጡ።

«ለነዚያ አንድ ሰጠሃቸው አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ከነሱ በምን አንሼ ነው ስምንት የምይዘው? ከሁሉም ያነሰውን ለኔ አድርግልኝ!»

መዝገቡን አየሁ። የሳቸውን ሰርቨር ከተሰጣቸው ቀን ጀምሮ ማንም ከፍቶት አያውቅም፤ ዕቅዱ የሚሠራው በላፕቶፕ ነው። ከአንድ የሚያንሰውን ሰጠኋቸው። አጠፋሁት።

ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ አገኙኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «አየህ? እንዲህ ነው ሲስተም! ካስተካከልክልኝ ወዲህ አንድ ቀን ተጨናንቆብኝ አያውቅም።» ካላየሁት ብለው ክፍሌ ድረስ መጡ። መዳፋቸውን ስማቸው የተለጠፈበት ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ይሞቃል!» አሉ።