ጣት ለሌላት ጀማሪ የሚሆን ዝንብ

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ያየሁትም ሦስት ዝንብ ከራስጌዬ አስቀምጬ ስለተኛሁ ይመስለኛል። ዝንብ ስል ነፍስ ያለውን አይደለም። እኔ ፈትለወርቅ፣ እዚህ ድንሾ፣ መንጠቆ ላይ የበግ ፀጉርና የአውራ ዶሮ ላባ በክር እያሰርኩ፣ የወንዛችን ትራውት ዓሣ ዝንብ መስሎት የሚነክሰውን ማጥመጃ እሠራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ቁጥቋጦ ላይ ተይዞበት አንድ እንግዳ አጥማጅ ትቶት የሄደውን ዝንብ ፈትቼ፣ መልሼ አስሬ፣ ደግሞ ፈትቼ ነው የተማርኩት። ይህን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ዛሬ ጠዋት የአጥማጆች ማኅበሩ ጀማሪዎችን የሚያስተምር አንድ ሰው ሊቀጥር ነበር። ፈተናው ለጀማሪ የሚቀለውን ዝንብ መርጦ ማሰር ነው፤ ፈታኙ ከከተማ ይመጣል ተብሏል። እኔ እቴ፣ ከባዱን ሁሉ አውቃለሁ፤ ቀላሉ የቱ እንደሆነ ግን ሳልቆርጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። ዓሦቹ ካፖርት ደርበው፣ ዳር ዳሩን በርጩማ ላይ ተደርድረው የማጥመጃ ዘንግ ይዘዋል። ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ውኃው ውስጥ ነው፤ እስከ አገጩ ገብቶ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። አከራዬ እትዬ ድንቄ ነጠላቸውን ግራና ቀኝ እያራገቡ በፊቴ ዋኝተው አለፉ። ሰላምታም አልሰጡኝ።

«ቀጣይ!» አለ መነጽር ያደረገ ትልቅ ዓሣ።

ፈታኙ እሱ ነበር። ከጎኑ አንዲት ባልቴት ዓሣ ተቀምጠዋል።

«ጀማሪዋ እኚህ ናቸው» አለኝ። «ሰው ማጥመድ ዛሬ ነው የሚጀምሩት። የሚቀላቸውን ምረጪላቸው።»

«ልጄ፣ ጣት እንኳ የለኝም» አሉ ባልቴቷ ክንፋቸውን ዘርግተው። «አደራሽን፣ እንዳታደክሚኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ሦስት መንጠቆ ነበር። አንደኛው ላይ ሠርግ ታስሯል፤ ድንኳን፣ ሙሽሪት፣ አራት ሚዜ፣ ከበሮ መቺው ሳይቀር፣ በአሥራ አንድ ዓይነት ክር። ሁለተኛው ላይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። ሦስተኛው ላይ አንድ ባዶ የሚኒባስ ወንበር፤ ጥቁር የበግ ፀጉር ሦስት ዙር ተጠምጥሞ አለቀ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ልቤ ወንበሩን አለኝ። አፌ ግን «ሠርጉን!» አለ። ወንበር አስሬማ ማን ሊያደንቀኝ?

«ለጀማሪ?» አለ ፈታኙ።

«እኔ ያስተማርኩት ጀማሪ አይባልም።»

ማሰር ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ላባ አለቀብኝ። ወዲያው አንድ አውራ ዶሮ መቀስ ይዞ ከኋላዬ ቆመና ሹሩባዬን ይቆርጥ ጀመር።

«የማጅራቱ ነው የሚሻለው፤ የአናቱ ይጠነክራል» ይላል ለራሱ።

«ኧረ አመመኝ!»

«የእኛን ስትነጪ ጠይቀሽን ነበር እንዴ?»

በገዛ ፀጉሬ ድንኳኑን ተከልኩ። ሙሽሪት ጠበቀብኝ ብላ አለቀሰች፤ ሚዜዎቹ ቦታ ጠበበን ብለው ተጣሉ። ዓሦቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። እንደ ምንም ጨርሼ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ፈታኙ የዘንጉን ክር ይዞ መጣ፤ አገላበጠው፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየው።

«ክሩን በየት በኩል ላስገባው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመንጠቆውን ቀዳዳ ደፍኜዋለሁ። ከመንጠቆው ራስ ላይ ትንሽ ቦታ አለመተው፣ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ስህተት ነው።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ማንም!» አልኩ። በኩራት ልለው ነበር፤ ሲወጣ ለቅሶ ሆነ።

ባልቴቷ ዓሣ ወንበሩን በከንፈራቸው አንስተው ወደ ውኃው ጣል አደረጉት። ወንዙ ፈላ። ሰው በሰው ላይ ወጣ። «ቦታ አለ? አንድ ሰው ይጭናል?» ይጮኻል ሁሉም። እትዬ ድንቄ አንዱን ወፍራም ሰውዬ በክርናቸው አሰጠሙት። እኔም መቼ እንደገባሁ አላውቅም፣ ውኃው ውስጥ ነኝ። ወንበሩ እያረገረገ ወደ እኔ መጣ፤ መደገፊያው ላይ «መምህርት» የሚል ተጽፎበታል።

ነከስኩት።

ከንፈሬን ይዞ ሽቅብ ጎተተኝ። ዳር ላይ ዘረጉኝና ፈታኙ ከራሴ እስከ እግሬ ለካኝ።

«ትንሽ ናት» አለ።

«ምን ትንሽ! ሃያ አራት ዓመቴ ነው! በራሴ ነው የተማርኩት!»

«ሲያዙ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት።»

«በሉ ከንፈሯ እንዳይቀደድ ቀስ ብላችሁ ንቀሉና መልሷት» አሉ ባልቴቷ። «ስታድግ ትመጣለች።»

ወረወሩኝ። ጀርባዬ ውኃውን ሲነካ ነቃሁ።

በሩ ይንኳኳል። «አንቺ ፈትለ! ነግቷል፣ እንግዳ መጥቶብሻል!» ይላሉ እትዬ ድንቄ። ጋቢዬን ደርቤ ከፈትኩ። ከአጠገባቸው ጫማቸውን ጭቃ የነካው፣ ቦርሳ ያነገቡ ሰውዬ ቆመዋል።

«ገዛኸኝ እባላለሁ፣ የዛሬው ፈታኝ ነኝ» አሉኝ። መንገዱን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው አይደል? አሁን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እኅቴ፣ እኔ የንብ ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤታችን የዓሣ ባለሙያ ወሊድ ላይ ናት፤ መኪናው ወደዚህ ይመጣ ስለነበር እኔን ላኩኝ። መንገድ ላይ ሰው ብጠይቅ፣ ከዚህ አካባቢ የምትችለው እሷ ብቻ ናት ብለው ወደ አንቺ ጠቆሙኝ። ቀላሉ የቱ እንደሆነና እንዴት እንደሚታሰር ብታሳዪኝ፣ በኋላ በዚያው እፈትንሻለሁ።»

«ታዲያ ልክ መሆኔን ማን ይነግረኛል?» አልኳቸው።

«እሱንም ልጠይቅሽ ነበር» አሉና ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።