«አታንሺ 3» ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር

እናንተዬ፣ ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ሂሳቡን እኔ እከፍል ነበር!

በዱቤ ማለቴ ነው።

ለማታውቁኝ፦ ቡታጅራ ላይ የልብስ ሱቅ ነበረኝ። ነበረኝ! ዕቃ በዱቤ አነሳሁ፣ ዕቁብ ቀድሜ በላሁ፣ ከእህቴም ተበደርኩ። ሱቁ ተዘጋ። ዕዳው እንደተከፈተ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ መደበቅ ነው። ፉል ታይም! በዋናው መንገድ አልሄድም። ሰርግ አልሄድም። የልብ ጓደኛዬ እናቷ ሲሞቱባት እንኳ፣ ድንኳኑ ውስጥ ስንት አበዳሪ እንደሚጠብቀኝ ቆጥሬ ቀረሁ።

ይሄን ስጽፍ ራሱ እያፈርኩ ነው።

ስልኬ ላይ ደግሞ ማንንም በስሙ አልመዘገብኩም። «አታንሺ 1»፣ «አታንሺ 2»፣ «አታንሺ 3»። ብልጥ ነኝ አይደል?

ዛሬ ጠዋት ቡኢ አንዲት ልብስ ሰፊ ጋ ሥራ ልጀምር ሚኒባስ ያዝኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት ነው። ሻርፔን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ጥጌን ይዣለሁ።

ከተማውን እንደወጣን ስልኬ ጮኸ። ሳይለንት ማድረግ ረስቼ!

«አታንሺ 3»። በትልቁ፣ ስክሪኑን ሞልቶ።

አላነሳሁም። ታዝዣለሁ እኮ!

ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እነማን ናቸው?»

ሐጂ! ልብሱን በጅምላ በዱቤ የሰጡኝ ሐጂ! ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ይዘው፣ በትከሻዬ በኩል አስግገው ስክሪኔን ያነባሉ።

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አለቀስኩ።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። የለኝም። ሳላነሳ የቆየሁት አፍሬ ነው» አልኳቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሁለት ዓመት ከአፌ ያልወጣች ቃል! ሳቁም ቀጥ አለ።

«እንደሌለሽማ አውቃለሁ» አሉ። «ሱቅሽ ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ‹የለኝም› እንኳ ትይኛለሽ ብዬ ነው የምደውለው። ሞታ ይሆን እያልኩ ስንት ጁምዓ ዱዓ እንዳደረግኩልሽ ታውቂያለሽ?»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ዕዳውን ምረውኛል ብዬ ደመደምኩ።

«ብሩን ግን አልተውልሽም! ወላሂ!»

እሺ።

«በሳምንት ሦስት መቶ» አልኩ። «አምስት መቶ» አሉ። አጠገቤ ጎመን የታቀፉ እናት «ኧረ አራት መቶ ይሁን፣ ራሳችንን አዞራችሁት!» ብለው ገላገሉን። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወት እያየን «ምስክር ነኝ!» አለ።

ሐጂ የትራንስፖርቴንም ከፈሉልኝ። «ይሄም ይደመራል» አሉ። እየቀለዱ ይሁን አይሁን እስካሁን አልገባኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ አንደኛና ሁለተኛ ለወጡት ራሴ ደወልኩ። የዕቁባችን ዳኛ አስር ደቂቃ ሰደቡኝ፤ ሲጨርሱ «እናትሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ። ሌላኛው፣ እሱም ዕቃ በዱቤ የሰጠኝ ነጋዴ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ነገም እደውልለታለሁ። ከነገ ወዲያም!

አሁን የቀረችው አገና ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። ላሟን ሸጣ ነው ያበደረችኝ። አንድ ቀን እንኳ «ብሬስ?» ብላኝ አታውቅም። ለዚህ ነው ከሁሉም በላይ የምትከብደኝ።

እሁድ እሄዳለሁ። ብሩ አልሞላልኝም፣ ግን እሄዳለሁ። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ በወር ይህን ያህል እሰጥሻለሁ እላታለሁ። ብትጮህም ብታለቅስም ሳንስማማ አልነሳም።

እናንተ አንድ ነገር ብቻ ምከሩኝ። ባዶ እጄን ብሄድ «ዓይን አውጣ!» ልባል ነው። አንድ ኪሎ ሙዝ ይዤ ብሄድ ደግሞ «ለሙዝ ሲሆን ከየት መጣ?» ብትለኝስ?

ግማሽ ኪሎ ይሻል ይሆን?