አያ ደምሌና የሀሽሹ ዕርቅ

እናንተ፣ ለሁሉም ነገር ሽማግሌ ካልላክሁ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ የንፋስ መውጫው አያ ደምሌ እንዲያ ናቸው።

በቀደም የእህታቸው ልጅ ጌታነህ ባጃጁ ውስጥ ሀሽሽ ተገኘብህ ተብሎ ታሰረ። ተሳፋሪ ጥሎት የወረደ ፌስታል እንጂ ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም። እናቱ "ጠበቃ እንያዝለት" ብትል አያ ደምሌ ቱግ አሉ።

"እኔ በቁሜ? ደም የተቃባ ያስታረቅሁ ሰውዬ!"

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተንበረከኩ! እኔም ጉዱን ልይ ብዬ ተከትያቸዋለሁ።

"ልጃችን አጥፍቷል፤ ስለ ማርያም ብላችሁ ማሩልን!"

ጌታነህ ከታሰረበት ክፍል በመስኮት ጮኸ። "ኧረ አጎቴ፣ እኔ ምንም አላጠፋሁም!"

"ዝም በል አንተ! እያስታረቅንህ እኮ ነው!"

በኋላ የተያዘለት ጠበቃ ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። አያ ደምሌን ግን ማን ይቻላቸው? በቀጠሮው ቀን ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተገተሩ። ስማቸው ከውስጥ ሲጠራ ወደ እኔ ዞረው ፊታቸው በራ።

"አየህ? ያለ እኔ አልሆነላቸውም!"

እውነታቸውን ነው። የዐቃቤ ሕጉ ዋና ምስክር እሳቸው ነበሩ።