ሊቀ አስተያየት ደርበው እና የማያስቀው ፊልም

ፊልም የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ደርበው አለበት። ከተማው ይለያይ እንጂ ሰውየው ያው ነው። ፊልሙ ሳይጀመር ወንበሩን ወደ ፊት ጎትቶ ይቀመጣል፣ ክንዱን ያጣምራል፣ ሰው ሲስቅ ዞሮ የሳቀውን ሰው ያያል፣ ሲያልቅ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሠርግ ብትጠሩት ስለ ወጡ፣ ቀብር ብትወስዱት ስለ ጉድጓዱ አስተያየት ሳይሰጥ አይመለስም። ከዚህ ሰው አመለጥሁ የሚል ካለ ገና አላገኘውም ማለት ነው።

ለላሊበላው ሙሉሃብት የደረሰው ግን ዋናው፣ ራሱ ደርበው ነው።

ጋሼ ደርበው ከቤተ ክርስቲያኖቹ ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ላይ የእንጨት መስቀል የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ፈረንጅ ከጠፋ ወዲህ ከሱቋ የሚወጣው አስተያየት ብቻ ነው፤ እሱም በነፃ። የሰፈሩ ሰው በዚህ የተነሣ “ሊቀ አስተያየት” የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ሲሰሙ አልተቆጡም። “ታዲያ ካባው የታለ?” ብለው ጠየቁ።

ንግግራቸው ሁሉ በ“ቅር እንዳይልህ” ይጀምራል። እሳቸው “ቅር እንዳይልህ” ብለውት ቅር ሳይለው የቀረ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የገና ለት ማሕሌት ቆመው አድረው፣ ሕዝቡ በደስታ ሲተቃቀፍ እሳቸው መሪጌታውን ፈልገው አገኙና “ቅር እንዳይልዎት የኔታ፣ ዘንድሮ ከበሮው ትንሽ ቸኮለ” አሏቸው። የአሸተን ማርያም ተራራ እንኳ አልቀረላትም፤ መውጫዋ በወዲያ በኩል ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር ባይ ናቸው።

ሙሉሃብት አስጎብኚ ነበር። የሚጎበኝ ሰው ሲጠፋ አፉን ሥራ አስፈትቶ ማስቀመጥ አልቻለምና በስልኩ ፊልም ሠራ። ያውም ኮሜዲ! ርእሱ “ባጃጄን አያችሁ?” ይባላል። አንድ ነጂ ባጃጁ ትሰረቅበታለች። እሷን ፍለጋ ሲባዝን ከርሞ፣ ጠጉሩ ተንጨባሮ፣ ጫማው አልቆ፣ ጋቢውን ተከናንቦ አንድ የገጠር መንደር ይደርሳል። የመንደሩ ሰው ባሕታዊ መጣልን ብሎ እግሩ ላይ ይወድቃል። “ኧረ እኔ ባሕታዊ አይደለሁም!” ሲል “አያችሁ ትሕትናውን!” ይላሉ። “ባጃጄን አያችሁ?” ብሎ ሲጠይቃቸው የመንደሩ ደብተራ ብድግ ይልና ይተረጉማል፦ “ባጃጅ ያለው ሥጋን ነው። አንድም ነፍስን ነው። ሦስቱ ጎማ ሃይማኖት፣ ተስፋ፣ ፍቅር ነው።” በመጨረሻ ባጃጇ ትገኛለች፤ ቤንዚን ግን የላትም። ምእመናኑ በእልልታና በዝማሬ እየገፉ ቁልቁለቱ ድረስ ይሸኙታል።

ነጂውን ሆኖ የሠራው የሻው ነው፤ የጋሼ ደርበው አንድ ልጅ፣ የሙሉሃብት ያብሮ አደግ ጓደኛ። የሻው አፉን በከፈተ ቁጥር ካሜራ የያዘው ሙሉሃብት በሳቅ ይንፈራፈር ስለነበር ፊልሙ ብዙ ቦታ ላይ ምድር የተንቀጠቀጠች ይመስላል።

መጀመሪያ የታየው እንግዳ በማያርፍበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሙሉሃብት በሩ ላይ ቆሞ የሰውን ፊት ሲጠብቅ ዋለ። መጀመሪያ የሚሳቅበት ቦታ አለፈ፤ ጸጥ። ሁለተኛው አለፈ፤ ጸጥ። ባሕታዊ የተባለው ነጂ መንደሩ ሲገባማ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ደብተራው ሲተረጉም አንድ ዲያቆን ራሱን እየነቀነቀ “ጥሩ ምሥጢር ነው” አለ። ባጃጇ በዝማሬ ስትሸኝ አዳራሹ እንባ በእንባ ሆነ። ወይ ፈጣሪዬ፣ ምን በድዬህ ነው? አለ ሙሉሃብት በሆዱ።

ጉሮሮ የተጠረገው ያኔ ነው።

“ቅር እንዳይልህ ሙሉሃብት፣ አያስቅም” አሉ ጋሼ ደርበው። “ደግሞም ረዘመ። ልጁም ቢሆን አካሄዱ የባጃጅ ነጂ አካሄድ አይደለም።”

“ጋሼ፣ የሻው እኮ የእውነት ባጃጅ ነጂ ነው!”

“እሱ ነዋ ችግሩ!”

የሻው ከአባቱ ጀርባ ቆሞ አፉን በጋቢው አፍኖ በሳቅ ሊሞት ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሳቀ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የላሊበላ ሰው ባይገባው የሌላው አገር ሰው ይገባዋል ብሎ ሙሉሃብት ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ጫነው። ለብዙ ጊዜ የነካው የለም። ቆይቶ ጥቂት ተመልካች ብቅ ብቅ ሲል ፈጥኖ አስተያየቱን ከፈተ። “አሜን።” “አሜን አሜን አሜን።” “በረከትዎ ይደርብን አባታችን።” “የት ገዳም ነው ያሉት? እባካችሁ ስልካቸውን አስቀምጡልን።” ቀልድ መሆኑ የገባው አንድ ሰው ተገኘ፤ እሱም “በአባቶች አትቀልዱ!” ብሎ ረግሞት ሄደ። ሙሉሃብት በግድ ርእሱ ላይ “አስቂኝ ፊልም” ብሎ ጨመረበት። አሜኑ ባሰበት።

ይባስ ብሎ ሰብሌ የሚባሉ እናት የጠበል ጀሪካናቸውን አዝለው ከብልባላ ገጠር ድረስ በእግራቸው ከተፍ አሉ።

“ባሕታዊውን አሳየኝ ልጄ።”

“እማማ፣ ባሕታዊ እኮ አይደለም። የሻው የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው።”

“አውቃለሁ” አሉ በትዕግሥት። “እውነተኛው ባሕታዊ መች ባሕታዊ ነኝ ብሎ ያውቃል?”

 ነገሩን ፊልሙ ውስጥ የጻፈው ራሱ ሙሉሃብት ነው፤ ሲጽፈው የሚያስቅ መስሎት ነበር። የሻውን ጠርቶ እንዳያሳያቸው ደግሞ የሻው የለም።

የሻው ሄዷል። ቤንዚን ሲጠፋ፣ የሚሳፈርም ሲጠፋ፣ በጅቡቲ አድርጌ ዐረብ አገር እገባለሁ ብሎ ወጣ። “ባሕሩ ዳር ነን፣ ዛሬ እንሳፈራለን” ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ከተሻገሩት አንዱ “አብሮን ነበር” ይላል፣ ሌላው “የለም፣ በኋለኛው ጀልባ ነው” ይላል፤ የኋለኛው ጀልባ ምን እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም። እናቱ እትዬ ወይንሸት ለቅሶ እንዳይቀመጡ ሞተ ያለ የለም፣ ተስፋ እንዳያደርጉ አለ ያለ የለም። ጥቁር ልብሳቸውን ከሣጥን ያወጡና መልሰው ያስገቡታል። አንጀት ይበላል።

ጋሼ ደርበው ስለ ልጃቸው ቃል አይተነፍሱም። ስለ ፊልሙ ግን ሙሉሃብትን ባዩት ቁጥር ያቆሙታል። “ቅር እንዳይልህ፣ ያቺ ወንዝ የሚሻገርባት ላይ ብርሃን ያንሳል።” “ቅር እንዳይልህ፣ ቆሎ ሲቆረጥም ድምፁ አይሰማም።” ሙሉሃብት እሳቸውን ሽሽት በቤተ ጊዮርጊስ በኩል ዞሮ ቤቱ መግባት ጀመረ። ልጅዎ ጠፍቶ ስለ ቆሎ ያወራሉ? ምን ዓይነት ሰው ናቸው! እያለ ይንገበገባል።

አንድ ቀን መረረው። ላስቅ ብሎ አስለቀሰ፤ ለሳቅ ብሎ የጻፈው የመንደርተኛው ስሕተት ከፊልሙ ወጥቶ አገር አዳረሰ፤ ጓደኛውንም ጨርሶ ሌላ ሰው አድርገው ወሰዱበት። የሻው ብሎ የጠራው አንድ ተመልካች እንኳ የለም። ፊልሙን ሊያጠፋው ወሰነ። የጓደኛው አባት ሳይሰሙ ማጥፋት ነውር ቢሆንበት ወደ ሱቋ ወረደ።

ጋሼ ደርበው ስልካቸውን አንድ ትልቅ መስቀል ላይ አስደግፈው ፊልሙን ከፍተውታል። እትዬ ወይንሸት ከጎናቸው ናቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው አስተያየቱን አንድ በአንድ ያነባሉ፤ እትዬ ወይንሸት ይቀበላሉ።

“‘ካሉበት እግዚአብሔር ይጠብቅዎ አባታችን’ ይላል።”

“አሜን።”

“‘መንገድዎን ያቅናልዎ’ ይላል ይኸኛው፤ ከደሴ ነው።”

“አሜን።”

ሙሉሃብት ደጃፉን አልፎ ገባ። እንደ ምንም “ጋሼ... ላጠፋው ነው የመጣሁት። ለማንም አልገባውም። የሻው መሆኑንም አያውቁም” አለ።

“ባያውቁስ?” አሉ እትዬ ወይንሸት ቀና ብለው። “እኔ እለምን እለምን ጸሎቴ አለቀብኝ። አሁን እንኳ ምን ብዬ እንደምለምን አላውቅም፤ ነፍስ ይማር ልበል፣ በሰላም መልስልኝ ልበል? እነዚህ ሳያውቁት ይጠብቅህ ይሉልኛል። ተሳስተው ነው። ይሳሳቱልኝ! ምን ቸገረህ አንተ?”

 የጋሼ ደርበው ዓይን ስልኩ ላይ ነው። የሻው ጋቢውን ተከናንቦ መንደሩን ያቋርጣል። “ባጃጄን አያችሁ?” ሲል የጋሼ ደርበው ከንፈር አብሮት ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም እኩል አብረውት አሉት፤ አንድ ቃል አልሳቱም። ደብተራው “አንድም ነፍስን ነው” ሲል ሊቀ አስተያየት ሳቁ። ሙሉሃብት ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም፤ ልክ የሻውን መሰሉ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንባው ሳቁ ካለቀም በኋላ አላቆመም።

ባጃጇ እየተገፋች ወረደች። የሻው አንዴ ዞር ብሎ እጁን አወዛወዘና ቁልቁለቱ ዋጠው። ስልኩ ጠቆረ።

ጋሼ ደርበው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ቅር እንዳይልህ ሙሉሃብት” አሉ። “አጠረ።”

ሙሉሃብት ቅር አላለውም። በርጩማ ስቦ በመካከላቸው ተቀመጠና ከመጀመሪያው አስጀመረው።