ማዕዘን የሌለው ጠጠር

ማስመሰል በእኛ አገር ነውር ነው። ሰውን «አስመሳይ» ካሉት በኋላ ለስድብ የሚቀር ነገር የለም። እኔ ግን ማስተርሴን ልይዝ የተነሣሁት በማስመሰል ነው፤ ያውም በኮምፒውተር። ስክሪኑ ላይ ባዶ ሣጥን እሠራለሁ፣ ትልልቅና ትንንሽ ኳሶች አዘንብበታለሁ፣ ተንከባለው ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት እለካለሁ። ክፍተቱ ካነሰ ሲሚንቶ ይቆጠባል፤ እኔም እመረቃለሁ። ኳሶቹ ጠጠር ናቸው። ማለቴ፣ ጠጠር መስለዋል።

ታዲያ አማካሪዬ «በስክሪን የተስማማው በመሬትም ይሞከር» ስላሉኝ፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ቡሬ ላይ ብሎኬት የሚያመርቱትን ጋሽ ሙላትን ደጅ ጠናሁ። ዕድሜያቸውን ከድንጋይ ጋር የጨረሱ፣ ከሚናገሩት የሚውጡት የሚበዛ ሰው ናቸው። ላፕቶፑን ከፍቼ ኳሶቹን አዘነብኩላቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩና፣

«ይህን የመሰለ ድቡልቡል ጠጠር ከየትኛው የድንጋይ ካባ ይወጣል ልጄ?» አሉኝ።

«ለስሌት እንዲመች ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው እንደ ስሌትህ እናድርገው» ብለው ውኃ ያለሰለሰውን የወንዝ ጠጠር አስመጡልኝ።

እንዲህ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም! ትልቁ ለትንሹ ቦታ ለቀቀ፣ ትንሹ ከትልቁ ጉያ ገባ፤ ክፍተቱም ኮምፒውተሬ ከተነበየው እምብዛም አልራቀም። በዚሁ ጠጠር የተሠራው ብሎኬት እንዲጠነክር ውኃ እየተርከፈከፈበት ሲሰነብት፣ እኔ መደምደሚያዬን፣ ምስጋናዬን ሳይቀር ጽፌ ጨረስኩ።

ቀኑ ሲደርስ ጋሽ ሙላት በተፈለጠ ጠጠር የሠሩትን የራሳቸውን ብሎኬትና የእኔን ከአንድ ከፍታ ለቀቋቸው። የእሳቸው ጥጉ ተሸረፈ። የእኔ ለሁለት ተከፈለ፤ ጠጠሮቹም ከሲሚንቶው ተላቀው፣ ከጉዳዩ እንደሌሉበት ሁሉ፣ በየአቅጣጫው ተንከባለሉ።

አፈርኩ። ጋሽ ሙላት ግን አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው አንዱን ጠጠር አነሡና መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ድቡልቡል መቀመጥ ያውቅበታል፤ መያዝ ግን አይሆንለትም» አሉ።

እናንተም ስብሰባ ተቀምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም ተስማሚ፣ አጀንዳው በጭብጨባ የሚያልፍበት። ከዚያ አንድ ችግር ከላይ ይወድቃል። እኔ የምለው ስለ ጠጠር ነው።

ምረቃዬ ለከርሞ ተላለፈ። ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ለኳሶቼ ማዕዘን አወጣሁላቸው። ቀድሞ ከምሳ በፊት ይጨርስ የነበረው ኮምፒውተር አሁን ሳምንት ሙሉ ያቃስታል፤ የማን ጥግ ከማን ጥግ እንደተጋጨ አንድ በአንድ መመርመር አለበትና። በቀደም አማካሪዬ ደውለው «ምነው ዘገየህ?» አሉኝ።

«ገና እየተከራከሩ ነው» አልኳቸው።