ዓይናቸውን ከመሬት ያላነሱት ጎረቤታችን

ይህ ነገር ወግ ተብሎ መነገር ይገባዋል? እኔ እንጃ። የአንደኛ ዓመት የሥነ ልቦናና የወንጀል ስፍራ ምርመራ ተማሪ አጋጥሟችሁ ከሆነ ግን ታውቁታላችሁ፤ ሻይ የፈሰሰበትን ምንጣፍ እንኳ በገመድ ያጥራል። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ።

እዚህ ሳዑዲ፣ አቡ ዓሪሽ ከተማ፣ እናቴ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ጠፋባት። ያለ እሱ ኬላ ላይ ከተያዘች መባረር ሊመጣ ነው። ወዲያው ክፍሉን በገመድ አጠርኩና ሊያግዙን የገቡትን ጎረቤታችንን ጋሽ ሰይድን ጠረጠርኩ። ዓይናቸውን ከመሬት አያነሱማ! ትምህርቱስ «ዓይን የሚሸሽ ጥፋት ይደብቃል» አይል?

«ጋሼ፣ ለምን አያዩኝም?»

«አንቺን ባይ የናትሽ ኢቃማ ይገኛል? ያላ፣ ቶሎ በይ፣ እግርሽን አንሺ!»

ካርዱ ከቆምኩበት ምንጣፍ ሥር ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እናቴ እያለቀሰች።

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ገመዴን ለጋሽ ሰይድ ሰጠሁ። ለበዓሉ የገዙትን በግ አሰሩበትና ምርመራው በይፋ ተዘጋ፤ ዕለቱም የአረፋ ዋዜማ ነበር።